የመጀመሪያው ቀን ክብደት

«ቁርስሽን ጥግብ ብለሽ ብዪ። ውሃም ጠጪበት። ደግሞ እዚያ ስትደርሺ ሽንት ቤት እንዳትገቢ» አለች ዶሪን።

ግሌኒስ ሳቀች። ዶሪን ግን እየቀለደች አልነበረም። በሩ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየቻትና ራሷን ነቀነቀች።

«ይሄን ስስ ቀሚስ ለብሰሽ ልትመዘኚ ነው? በመጀመሪያው ቀን?»

«ታዲያ ምን ልልበስ?»

«ያለሽን ሁሉ።»

ዶሪን ጎረቤቷ ናት። ግድግዳ ተጋርተው ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። በዚህ ሁሉ ዓመት በከተማዋ ተከፍቶ ዶሪንን ያመለጣት የክብደት መቀነሻ ማኅበር የለም። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ በወደብ ሠራተኞች ክበብ፣ ከዓሣ መሸጫው ፎቅ ላይ ባለችው ክፍል፣ ሁሉም ጋ ከኪሷ ከፍላ ገብታለች። ሁሉም ጋ ቀንሳለች፤ ከሁሉም ወጥታ መልሳ ወፍራለች። ስለዚህ ስለ መመዘን እሷን የሚያህል አዋቂ አልነበረም። የመጀመሪያው ቀን ክብደት ማነጻጸሪያ ነው። በመጀመሪያው ቀን የከበደ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ቀሎ ይገኛል። ቀሎ ለተገኘ ይጨበጨብለታል። የተጨበጨበለት በሦስተኛው ሳምንትም ይመጣል፤ ያልተጨበጨበለት ይቀራል። በዚያች የባሕር ዳር ከተማ ይህን የማያውቅ ሴት የለም። መዛኞቹም ያውቃሉ። የሚያወራው ግን የለም።

ዶሪን ከደረጃው ሥር ካለችው ጓዳ የግሌኒስን ባል የክላይቭን የሥራ ጫማ ጎትታ አወጣች። ክላይቭ ወደብ ላይ ዕቃ በሚያወርድበት ዘመን ያደርገው የነበረ፣ አፍንጫው ላይ ብረት ያለበት ጫማ ነው። ግሌኒስ ሁለት ካልሲ ደርባ ልኳ ሆነላት። ቀጥሎ ወፍራም ጂንስ፣ በላዩ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ የክላይቭ የዝናብ ካፖርት። በመጨረሻ ዶሪን የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ከፍታ ሁለት ጣሳ የታሸገ ባቄላ አነሣችና አንዱን በካፖርቱ ግራ ኪስ፣ ሌላውን በቀኙ ከተተችው።

«ይሄስ በዛ» አለች ግሌኒስ።

«ሁለቱም ተደምረው ኪሎ አይሞሉም። በሚቀጥለው ሳምንት ታመሰግኚኛለሽ።»

ክላይቭ ሳሎን ውስጥ በተዘረጋለት አልጋ ላይ ሆኖ ሲያያቸው ቆይቷል። ስትሮክ ግራ ጎኑን ከመታው ወዲህ ቃል የሚወጣው አንድ በአንድ ነው፤ መጋዘን ገብቶ ፈልጎ፣ አግኝቶ፣ አንሥቶ እንደሚያቀብል ሰው።

«ወዴት ነሽ?» አለ።

«ልመዘን ነው።»

«ከነ... መርከቡ?»

ዶሪንን ሳቅ አፈናት። ግሌኒስ ጎንበስ ብላ ትራሱን አስተካከለችለት፤ ጣሳዎቹ ከአልጋው ብረት ጋር ተጋጩ። ከዚያ እያነከሰች ወጣች።

የምታነክሰው በቀኝ ጉልበቷ ነው። ጉልበቱ ለዓመታት ሲያማት ኖሯል፤ እሷም ለዓመታት ችላው ኖራለች። ባለፈው መኸር ግን ክላይቭን ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበሩ ስታዞረው ከዳት። ሁለቱም ምንጣፉ ላይ ወደቁ። መጀመሪያ ላይ ተያይተው ሳቁ። እሷ ልትነሣ ሞከረች፤ አልቻለችም። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የማታዋ ረዳት በሯን ከፍታ እስክትገባ ድረስ እዚያው ተኝተው ቆዩ፤ ያኔ መሳቁን ትተው ነበር፤ ክላይቭም ሱሪው ረጥቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋ መጣች። ጨዋ ሴት ናት፤ ሻይ ቀርቦላት ጠጣች፤ ክላይቭንም በስሙ እየጠራች አነጋገረችው። ነገሩ ግን ግልጽ ነበር። መንግሥት የሚልካቸው ረዳቶች ጠዋትና ማታ ብቻ ናቸው። በሁለቱ መካከል ክላይቭን የሚያነሣው ሰው ግሌኒስ ናት። ሰው የሚያነሣው መሣሪያ በአልጋውና በግድግዳው መካከል አይገባም፤ ተለክቶ ታይቷል። እንግዲህ ወይ ጉልበቷ ይታከማል፣ ወይ ክላይቭ አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ይገባል። ቦታ ያለው ደግሞ ከባሕሩ ርቆ፣ ሁለት አውቶቡስ ተይዞ የሚደረስበት ነው።

የአጥንት ሐኪሙ የጉልበቷን የራጅ ፎቶ አይቶ ብዙ አላቅማማም። «ጉልበቱ አልቋል፤ እንቀይረዋለን» አላት። ለሚያዝያም ቀን ተያዘላት። ሁሉም ነገር ተስተካከለ። እሷ እስክታገግም ክላይቭ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ከቤት ርቆ ይቆያል፤ ከዚያ ይመለሳል። ከምርመራው ክፍል ልትወጣ ስትል ሐኪሙ ወደ ኮምፒውተሩ እንደዞረ «ክብደትዎ አሁን ባለበት አያስቸግርም፤ ትንሽ ቢቀንሱ ግን ለማገገሙ ይረዳዎታል። ያለ ክፍያ የሚሰጥ ድጋፍ አለ፤ ልላክዎት?» አላት። ላከኝ አለችው። ስንት ሲደርስ እንደሚያስቸግር እሱም አልነገራት፣ እሷም አልጠየቀችው።

ድጋፉ የሚሰጠው ከመዋኛው ሕንፃ ጎን ባለ አዳራሽ ነው። ክሎሪን ይሸታል። ወንበሮቹ ግራና ቀኝ የክንድ መደገፊያ ስላላቸው ይጠባሉ፤ ግሌኒስ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች፤ አጠገቧ ያሉትም ሁሉ ጠርዙ ላይ ነበር የተቀመጡት። የምትመራቸው ልጅ ፌይ ትባላለች፤ ሃያ ስድስት ቢሆናት ነው፤ የስፖርት ቱታ ለብሳ፣ እንደ ሸንበቆ ቀጥ ብላ ቆማለች።

«እዚህ ማንም አያፍርም» አለች ፌይ። «ማንም ሰው ምንም ነገር እንዲያወልቅ አልጠይቅም። እንዲሁ እንዳላችሁ ወደ ሚዛኑ ኑ።»

ሰውን እንዳታሸማቅቅ ተብላ ሠልጥና ነበር። ሴቶቹ ተያዩ። ጥር እንደ መሆኑ ብርድ ቢሆንም፣ የዚያን ቀን እዚያ አዳራሽ ውስጥ የነበረው ጫማና ካፖርት ለበረዶ አገር ይበቃ ነበር። ባሪ የሚባለው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር መሣሪያ የሚሰካበት ሰፊ የቆዳ ቀበቶውን ታጥቆ መጥቷል።

ግሌኒስ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ፌይ ቁጥሩን አየች፤ የካፖርቱን ተንጠልጣይ ኪሶችም አየች፤ በያዘችው ታብሌት ላይ በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። «በጣም ጥሩ፣ ግሌኒስ። እዚህ መምጣትሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው» አለቻት።

በሁለተኛው ሳምንት ግሌኒስ ስሱን ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። ወደ አምስት ኪሎ ቀንሳ ተገኘች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በደንቡ መሠረት ብዙ የቀነሰ ሰው ቆሞ እንዴት እንዳደረገው መናገር አለበት።

«ምን ተውሽ?» አላት ባሪ ከኋላ።

«ባቄላ» አለች ግሌኒስ።

የገባቸው ሁሉ ሳቁ፤ ሁሉም ገብቷቸው ነበር። ፌይ ብቻ «ባቄላ እንኳን ጥሩ ነው፤ አሰር አለው» አለች፤ እነሱም ባሰባቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው እውነተኛ ነበር። ፌይ የፕላስቲክ ምግብ በፕላስቲክ ሳህን ላይ እየደረደረች ታሳያቸዋለች፤ ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ሥጋ፣ ሩቡ ድንች። በእግር ሂዱ ትላቸዋለች። ግሌኒስ ሰባት ቤት አልፋ ከጥጉ ሱቅ ስትደርስ ጉልበቷ እንደሚቃጠል ነገረቻት። ፌይ ወረቀቷን ብታገላብጥም ለማይሄድ ሰው የተጻፈ አላገኘችም። «ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ክንድሽን አንቀሳቅሺ» አለቻት። ግሌኒስ ክላይቭ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ በሁለት እጇ ሁለት የወተት ጠርሙስ እያነሣች ታወርዳለች፤ ክላይቭም በደኅና እጁ ከእሷ ጋር ይቆጥራል። ሌሊት ሌሊት ስታስጠጣው አብራ የምትበላውን ብስኩት ተወች። ቅቤውን ተወች። ዓርብ ዓርብ ከጥጉ ሱቅ የሚያስመጡትን የተጠበሰ ዓሣ ግማሹን ለክላይቭ ትሰጠው ጀመር። ሱሪዋ ወገቧ ላይ ላላ።

ደግሞ አዳራሹን ወደደችው። ዶሪን ክላይቭ ጋ ስትቀመጥላት፣ ከቤት የምትወጣው ለዚያች ሰዓት ብቻ ነበር። እዚያ ሰው ስለ ራሷ ይጠይቃታል። ባሪ ዳቦን እንደ ሞተች ፍቅረኛ ያነሣታል፤ «ጠዋት ጠዋት ትዝ ትለኛለች» እያለ። ፌይ የሁሉንም ስም ታውቃለች።

በመጋቢት ለቀዶ ጥገናው ቅድመ ምርመራ ሆስፒታል ተጠራች። ነርሷ በዕድሜ የበሰለች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ግሌኒስን ጫማ አስወልቃ መዘነቻት፤ ቁመቷን ለካች፤ ክብደቷ ለቁመቷ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየውን ቁጥር አሰላች።

«ሠላሳ ስምንት» አለች። «ጥሩ ነው።»

«ያለ ክፍያ በሚሰጠው ድጋፍ ነው» አለች ግሌኒስ፤ ኩራት ተሰማት።

ነርሷ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። መነጽሯን አደረገች። ገጹን ወደ ታች እየገፋች ታነብ ጀመር።

«በጥር ከአርባ በላይ ነበሩ» አለች።

«አልነበርኩም።»

«እዚህ ላይ አርባ አንድ ይላል። ከክብደት ድጋፉ የመጣ ነው።»

«ያ እዚህ ድረስ ይመጣል?»

«እንዴ፣ አንድ እኮ ነው። የሚከፍለውም፣ የሚመዘግበውም አንድ ነው።» ነርሷ ወንበሯን ወደ እሷ አዞረች። «ከአርባ በላይ የሆነ ሰው ለዚህ ቀዶ ጥገና አይያዝም፤ ማደንዘዣው አደገኛ ነው ይላሉ። ስምዎ ከወረፋው ወጥቷል። ማንም አልነገረዎትም?»

«ለዛሬ የጠራችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

«ቀጠሮው ቀድሞ የወጣ ይሆናል። ይቅርታ ያድርጉልን።»

«አሁን ሠላሳ ስምንት ነሽ አላልሽኝም?»

«አሁንማ ነዎት። ግን አንዴ ከአርባ ያለፈ ሰው ስድስት ወር ከዚያ በታች መቆየቱ መታየት አለበት። ከዚያ የሰፈርዎ ሐኪም እንደገና ይልክዎታል፤ ወረፋውም እንደ አዲስ ይጀምራል።»

«እንደ አዲስ ማለት ምን ያህል?»

«በፊት የጠበቁትን ያህል። አሁን እንኳ ትንሽ ረዝሟል።»

ግሌኒስ ወለሉን አየች። እግሮቿ በስስ ካልሲ እርስ በርስ ተጠጋግተዋል።

«ጫማው ነው» አለች።

«ምኑ?»

«የክላይቭ ጫማ፣ የባለቤቴ። ብረት አለው። ካፖርቱንም ለብሼ ነበር። ኪሱ ውስጥም...» አቆመች። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። የልጅ ልጅ አላት። «ኪሱ ውስጥም ባቄላ ነበረ።»

ነርሷ አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻል ነበር።

«ሆነ ብለው ነው ያደረጉት?»

«ሁሉም ሰው ያደርገዋል። በመጀመሪያው ቀን ከበድ ብሎ መሄድ ነው።»

«ለምን?»

ግሌኒስ ለመመለስ አፏን ከፈተች። ስለ ጭብጨባው ልትነግራት ነበር። እቤት፣ በሩ ላይ ዶሪን ስትናገረው ትክክል የነበረው ነገር እዚህ፣ በነጭ መብራት ሥር፣ ከአፏ አልወጣ አለ። «እንዲያው ልማድ ነው» አለች።

ነርሷ ወጥታ ቆይታ ተመለሰች። ሐኪሙን አነጋግራዋለች። እሱም የተመዘገበውን እሷም ሆነች እሱ ሊሰርዙት እንደማይችሉ፣ የመዘነቻት ሠራተኛ ስህተት ነው ብላ ካረመችው ግን ሚያዝያው ባይሆን ወደ ግንቦት እንደሚያያት ተናግሯል። «እንግዲህ ልጅቷን ያነጋግሯት» አለች ነርሷ። በሩንም ይዛላት ወጣች።

ግሌኒስ ለዶሪን ምንም ሳትነግራት የአዳራሹን ቀን ጠበቀች። ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ፌይ ወንበር ስትደራርብ አገኘቻትና ሁሉንም ነገረቻት፤ ጫማውን፣ ካፖርቱን፣ ጣሳዎቹን፣ ክላይቭን።

ፌይ በእጇ የያዘችውን ወንበር አስቀመጠች።

«አውቄያለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ጫማውን። ያን ቀን አይቼዋለሁ። የባሪንም ቀበቶ። ሁላችሁንም።» ፊቷ ቀላ። «አንቺን ጫማሽን አውልቂ ብል አፍረሽ የማትመለሺ መሰለኝ።»

«እሺ፤ ታዲያ ስህተት ነው ብለሽ ጻፊልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ፌይ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። ከመዋኛው በኩል የልጆች ጩኸት በግድግዳው ይሰማል።

«በበጋ ይመዝኑናል» አለች በመጨረሻ። «እኛንም። ከክብደቱ ከመቶ አምስት እጅ የቀነሰ ሰው ስንት ነው ይሉናል። ካልሞላ አዳራሹ ይዘጋል። በላይኛው ከተማ ያለው አምና ተዘጋ። ያንቺን የመጀመሪያ ቀን ትክክል አልነበረም ብዬ ከጻፍኩ የሌላውንስ ይሉኛል። የሌላውን ካዩ...»

«ክላይቭን ይወስዱብኛል፣ ፌይ።»

«ገብቶኛል።»

«አልገባሽም። ምግቡን በግራ በኩል ካጎረሱት ይታነቃል። እዚያ ያሉት ይህን አያውቁም።»

ፌይ ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። ወደ ሌላ ዞረች። «አለቃዬን እጠይቃለሁ» አለች። «ቃሌ ነው፤ እጠይቃለሁ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ግሌኒስ ስትመጣ ሚዛኑ አጠገብ አንድ ባዶ ወንበርና አንድ የፕላስቲክ ሣጥን ተቀምጠው ነበር። ከእንግዲህ አዲስ የሚመጣ ሰው ጫማና ካፖርቱን እዚያ ያወልቃል፤ በኪሱ ያለውንም ሣጥኑ ውስጥ ያስቀምጣል። ግሌኒስ ይህን ስታይ መልሱን አወቀች። ፌይ ታብሌቷን ደረቷ ላይ ይዛ፣ በዝቅተኛ ድምፅ «ያለፈው እንደተመዘገበ ይቆይ ብለዋል» አለቻት። «በጣም አዝናለሁ።»

ግሌኒስ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ለመመዘን ብላ አልነበረም፤ እግሯ በልማዱ ሄዶ አውጥቷት ነው። በዚያ ሳምንት እህል አልተዋጠላትም። ከኋላዋ የቆመችው ሴት ቁጥሩን አየችና ጮክ ብላ ተናገረችው፤ አዳራሹም አጨበጨበላት። ፌይ ብቻ አላጨበጨበችም። ባሪ «ንግሥታችን፣ ምስጢሩን ንገሪን እንጂ» አላት። እሷም «ሌላ ቀን» ብላው ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ወደዚያ አዳራሽ ዳግመኛ አልሄደችም። ሁለት ጊዜ ከቀረች በኋላ ከድጋፉ መሰናበቷን የሚገልጽ አጭር መልእክት በስልኳ ደረሳት፤ ስድስቱ ወር የሚቆጠረው ደግሞ ድጋፉ ላይ ላለ ሰው ብቻ ነበር።

ሣጥኑ ለምን እንደመጣ አዳራሹ ውስጥ ተወርቶ ነበር፤ ዶሪን የሰማችው ከባሪ ሚስት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሳታንኳኳ ገብታ ወጥ ቤቱ መሐል ቆመች።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑ?»

«አታላግጪብኝ። እኔ ነኝ ያለበስኩሽ። በገዛ እጄ ኪስሽ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ።»

«ለብሼ የሄድኩት እኔ ነኝ» አለች ግሌኒስ። ድንች ትልጥ ነበር። «የከተትሽውን ማውጣት እችል ነበር።»

«ቀን ቀን እኔ እመጣለሁ። አብረን እናነሣዋለን።»

«አንቺ? ወገብሽ ጋዜጣ አያነሣም።»

ዶሪን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቢላዋ አንሥታ ከድንቹ ታግዛት ጀመር፤ እንደ ወትሮው ልጣጩን ወፍራም አድርጋ እየቆረጠች።

የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋ እንደገና መጣች። ዛሬም ሻይ ጠጣች። «ጉልበትዎ ሲታከም እንደገና እናየዋለን» አለች። ስድስቱ ወርና ወረፋው ሲደመር ስንት እንደሚሆን በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የክላይቭንም ዕድሜ ያውቅ ነበር። ማንም አልደመረውም።

ማታ ላይ ግሌኒስ ወደ መጦሪያው ቤት እንደሚሄድ ለክላይቭ ነገረችው። ለጥቂት ሳምንታት እንዳልሆነ ነገረችው። በስተቀኝ በኩል እያጎረሰችው ነበር። እሱም አላምጦ እስኪጨርስ ድረስ አልተናገረም።

«ባሕሩ... ይታያል?» አላት።

«አይታይም።»

«ምን... አለ?»

«አትክልት ቦታ አለው አሉ። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ቢንጎ ይጫወታሉ።»

ክላይቭ ቢንጎ አይወድም። ወደብ ሳለ ሰኞ ጠዋት ሰዎች ስለ ቢንጎ ሲያወሩ ጥሏቸው ይሄድ ነበር። አሁን ቃሉን ፍለጋ ወደ ውስጥ ገባ፤ ቆይቶም ይዞት ወጣ።

«እንግዲህ... እችላለሁ» አለ። ከዚያ «አንቺስ?» አላት።

ግሌኒስ ማንኪያውን ሞላች። «አፍህን ክፈት» አለችው።

በሚያዝያ፣ ቀዶ ጥገናው ሊደረግላት በነበረበት ሳምንት፣ ነጭ ሚኒባስ በሩ ላይ ቆመ። አንድ ጎልማሳና አንዲት ጠና ያለች ሴት ወረዱ። ጎልማሳው በክላይቭ ብብት ሥር፣ ሴትዮዋ በጉልበቶቹ ሥር እጃቸውን አስገቡ። ተያዩ፤ አነሡት። ግሌኒስ በየቀኑ ጥርሷን ነክሳ፣ ላብ አጥምቋት የምታደርገው ነገር ለእነሱ ከምንም አልተቆጠረም። ክላይቭ በእጃቸው ላይ ቀጭን ሆኖ ታያት። መቼ እንዲህ እንደቀነሰ አላስተዋለችም ነበር።

ወንበሩን ከሚኒባሱ ወለል ጋር በማሰሪያ አሰሩት። ልታደርሰው ስለፈለገች እሷን ከጎኑ ባለው መቀመጫ አስቀመጧት፤ በደኅናው በቀኝ እጁ በኩል። ዶሪን ከውጭ በመስኮቱ አንድ ነገር አለች፤ መስታወቱ ዝግ ስለነበር አልተሰማም።

ግሌኒስ የመቀመጫ ቀበቶውን ሳበችው። ሆዷ ላይ ዞሮ መቆለፊያው ጋ ሊደርስ አንድ መዳፍ ያህል ሲቀረው ቆመ። ትንፋሿን ይዛ ሳበችው። አልደረሰም።

«ገባልዎት?» አለ ጎልማሳው ከመሪው ላይ ሆኖ፤ ከፊቱ ባለው የኋላ ማሳያ መስታወት ያያታል። «ካልደረሰልዎት ማራዘሚያ አለኝ፤ ከኋላ ነው፣ ወርጄ ላምጣልዎት።»

«ገባ» አለች።

መኪናው ተነሣ። የቀበቶውን ጫፍ መቆለፊያው አጠገብ፣ ከካፖርቷ ሥር በግራ እጇ ጨብጣ ያዘችው፤ በቀኟ ደግሞ ደረቷ ላይ ወጥራ ያዘችው። ብትለቀው እንደሚመለስ፣ ድምፁም እንደሚሰማ፣ ሰውየውም መኪናውን አቁሞ እንደሚወርድ ታውቃለች። መንገዱ ወደ ባሕሩ ዳር ወርዶ ጥቂት ከሄደ በኋላ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ክላይቭ ውሃው እስኪጠፋ ድረስ ባሕሩን አየ።

ከዚያ ደኅና እጁ ከጉልበቱ ላይ ተነሣ። በመቀመጫዎቹ መካከል ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዘንድ መጥቶ እጇን ፈለገ። ካፖርቷ ላይ ሄደ፤ ክንዷን አገኘ፤ ክንዷን ይዞ ወደ ታች ወረደ፤ የተጨበጠው መዳፏ ላይ ሲደርስ ሊከፍተው ሞከረ። አልከፈተችለትም። የሾፌሩ ዓይኖች በማሳያው መስታወት ውስጥ ነበሩ።

ክላይቭ ሁለት ጊዜ ሞከረ። ከዚያ እጅጌዋን ያዘ፤ እጅጌዋን እንደያዘ ሄዱ።